አቶ አያሌውና የዘመመው ዓለም

ተጠራጣሪ ሰው የሌለበት መንደር በር እንደሌለው ጎተራ ነው፤ አይጡም ሌባውም እንደ ልቡ ይገባል። እግዜር ይህን ስለሚያውቅ ለየመንደሩ አንድ አንድ ተጠራጣሪ አድሏል። ለእኛ ለመርሳ ሰዎች ሲያድል ግን እጁ ሳተና የወረዳውን ድርሻ ጠቅልሎ በአንድ ሰው ላይ አፈሰሰው። ያ ሰው ጎረቤቴ፣ ግንበኛው አቶ አያሌው ናቸው።

እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። በስም ባታውቋቸው በጠባይ ታውቋቸዋላችሁ። «እንዴት አደሩ?» ሲባሉ «ምነው፣ ምን ሰማህ?» የሚሉት ናቸው። ብርቱካን ሲገዙ ከላይ ያለውን ትተው ከሥር የሚጎረጉሩት፣ ሰዓት ጠይቀው ከተነገራቸው በኋላ ሁለተኛ ሰው የሚጠይቁት ናቸው። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ አብረን ተቀምጠን ሹፌሩን «መንገዱን ታውቀዋለህ?» አሉት። «አባቴ፣ ከመርሳ ወልድያ መንገዱ አንድ እኮ ነው» ቢላቸው፣ «አንድ መሆኑን ማን ነገረህ?» አሉት። ልጁ ሲሪንቃ እስክንደርስ በመስታወት እየሰረቀ ያያቸው ነበር።

አቶ አያሌው በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ነገር ብቻ ያምናሉ። አንዱ ኪሳቸው ውስጥ ይኖራል። ቱምቢ ይባላል፤ በሲባጎ ጫፍ የተንጠለጠለ ሾጣጣ ብረት ነው፤ ግድግዳ ቀጥ ማለቱን ይናገራል። ሁለተኛው ብብታቸው ሥር ይኖራል። ውሃ ልክ ይባላል፤ በመሀሉ ባለች ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ አንዲት አረፋ ትዋኛለች፤ አረፋዋ መሀል ላይ ከቆመች ወለሉ ተስተካክሏል ማለት ነው። «ሰው ይዋሻል፤ ገመድ አይዋሽም» ይላሉ። ክርክር በተነሳ ቁጥር፣ ስለ ግድግዳም ይሁን ስለ ጋብቻ፣ እጃቸው ወደ ኪሳቸው ይገባና «እስቲ ቱምቢው ይናገር!» ይላሉ።

የቱምቢውን አንደበት ያልሰማ የለም። አንድ ለቅሶ ላይ ሰው ሁሉ ደረቱን ሲደቃ እሳቸው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆመው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ምሰሶውን ያያሉ። «ዘሟል» አሉ። ምሰሶውን ነቅለው፣ ድንጋይ አስገብተው፣ ቱምቢ ጥለው ካቀኑ በኋላ ገብተው አለቀሱ። ደግሞም ከልባቸው አለቀሱ። የእኔን ቤት የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሠርተው ከጨረሱ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ እየመጡ ለክተውታል። «ሠሪው አንተው ራስህ አይደለህም እንዴ?» ብላቸው «እሱን ነው የምጠረጥረው» አሉኝ። በዕድሜ ስለምበልጣቸው አንተ እላቸዋለሁ፤ እሳቸው አንቱ ይሉኛል። በዚህ ወረቀት ላይ ግን አቶ እላቸዋለሁ፤ ያነቡት ይሆናልና።

እውነት ለመናገር፣ አቶ አያሌው ያቆሙት ግድግዳ ዘሞ አያውቅም።

እንዲህ ሆነን ስንኖር፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም፣ ዓለም ዘመመች።

አንድ ጠዋት አቶ አያሌው ከአልጋቸው ቀና ሲሉ ቤቱ ዞረ። ጣራው ወደ ግራ ሄደ፤ በሩ ተከተለው፤ ግድግዳው በሩን ተከተለ። ሌላ ሰው ቢሆን ራሱን ይይዝ ነበር። አቶ አያሌው ግድግዳውን ያዙና እሱኑ ከሰሱት።

«ትርሓስ! ይህ ቤት መሠረቱ ሰምጧል!»

ባለቤታቸው ትርሓስ ሠላሳ ዓመት የጠረጠሯት፣ አንድም ቀን ምንም ያላገኙባት ሴት ናት። «ቤቱ የት ይሰምጣል? አዙሮህ ነው፤ ቁጭ በል» አለቻቸው። አልተቀመጡም። ከጣራው ወራጅ ላይ ቱምቢ አንጠለጠሉ። ቱምቢው ቀጥ ብሎ ቆመ። ግድግዳውም ከቱምቢው ጋር ቀጥ አለ። በዚያ ጠዋት ቱምቢ ተናግሮ አቶ አያሌው ለመጀመሪያ ጊዜ አላመኑትም።

ወዲያው የሥራ ባልደረባቸውን ሙባረክን ከነቱምቢው አስጠሩት። ሙባረክ ሃያ ዓመት አብሯቸው ድንጋይ የደረደረ፣ ሳቁ ከዋናው መንገድ የሚሰማ ግንበኛ ነው። ለካና «ጋሽ አያሌው፣ ወላሂ ግድግዳው እንደ ሶላት ሰልፍ ቀጥ ያለ ነው» አላቸው።

«ይህን ቱምቢ ከየት ገዛኸው?»

«አብረን አይደል እንዴ የገዛነው? ከወልድያ።»

«እኮ! ሁለቱም ከአንድ ሱቅ ነው የወጡት።»

ያን ሰሞን ከወደ አፋር በኩል የመሬት መንቀጥቀጥ ወሬ በየሬዲዮኑ ይሰማ ነበር። ለአቶ አያሌው ወሬው ከሰማይ እንደወረደ ሲሳይ ሆነላቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ሲዞርባቸው ወጡና በየአጥሩ እየዞሩ «ተሰማችሁ?» ማለት ጀመሩ። ሰው ደግሞ ይሉኝታ አለው። ግንበኛ የሚያህል ሰው መሬት ተንቀጠቀጠ ሲል «እኔ አልተሰማኝም» ማለት መሬቱን መናቅ ይመስላል። አንዷ «ብርጭቆዬ ሲንቃጨል ሰምቻለሁ» አለች። ሌላዋ ዶሮዋ እንቁላል የከለከለችው በዚህ መሆኑ አሁን ገና ገባት። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ አልጋ በሙሉ ግቢ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። የእድራችን ዳኛ አቶ አብርሃም ቴሌቪዥናቸውን አቅፈው ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው መሬት እስክትረጋ ጠበቁ።

አቶ አያሌው እኔ ዘንድም መጡ። «እትዬ ዘነበች፣ ተሰማዎ?»

«አልተሰማኝም።»

«ምናልባት እንቅልፍ ወስዶዎት ይሆናል።»

«አያሌው፣ ምስር እየለቀምኩ ነው። ሰፌዱ ጭኔ ላይ ነው። አንዲት ፍሬ አልተነቃነቀችም።»

ሰፌዱን አዩ። እኔን አዩ። «እንግዲያው አንቱ ዘንድ የተደበቀ ነገር አለ» ብለው ሄዱ። የተደበቀስ ነበር፤ እኔ ዘንድ ግን አልነበረም።

የልጅ ልጆች ያሳደገች ሴት ዓይኗ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሕፃን ትኩሳት ሳይጀምረው ከአረማመዱ ታውቃለች። እንግዲህ እኔ ምስሬን እየለቀምኩ ተራዬን መጠርጠር ጀመርኩ። አቶ አያሌው ሰው ሲጠራቸው አንገታቸውን ማዞር ትተዋል፤ እንደ ጋሪ መላ ሰውነታቸውን ነው የሚያዞሩት። በግራ በኩል ሲያናግሯቸው አይሰሙም። ከገላ መታጠቢያ እንደወጣ ሰው ግራ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይደበድባሉ። ከቤታቸው ኋላ ወዳለው ቧንቧና መጸዳጃ ሲሄዱ አጥሩን እየዳሰሱ ነው። አንዳንድ ቀን እስከ ማታ አይወጡም፤ ያን ቀን ትርሓስ ሳፋ ስትደፋና ስታጥብ አያለሁ።

ሌላው ሰው ያየው ግን መንገዳገዱን ብቻ ነበር። «አያሌው በስተርጅና አረቄ ጀመሩ» ተባለ። ይህን ያሉ ሰውየውን አያውቋቸውም። አቶ አያሌው መጠጥ ቤት የማይገቡት ውሃው ከየት እንደተቀዳ፣ ጌሾውን ማን እንደወቀጠው ስለማያውቁ ነው። ሰው ለመስከር መጀመሪያ ጠማቂዋን ማመን አለበት። ነገር ግን ወሬ ውሃ ልክ የለውም፤ ወደ ወደደበት ይፈሳል።

ነገሩን ያከበደው የእድሩ ቤት ነው። እድራችን ድንኳኑን፣ አግዳሚውንና ድስቱን የሚያስቀምጥበት የድንጋይ ቤት እያሠራ ነበር፤ ዋና ግንበኛውም በነፃ፣ በክብር፣ አቶ አያሌው ነበሩ። አንድ ቀን ለሠራተኞቹ ውሃ ይዤ ስሄድ ግድግዳው ከሁለት ሰው ቁመት በላይ ደርሷል። አቶ አያሌው መወጣጫው እንጨት ላይ ቆመዋል። በአንድ እጃቸው ድንጋይ ይዘዋል፤ በሌላው እጃቸው ቋሚውን ጨብጠዋል፤ የጣቶቻቸው አንጓ ነጭ ሆኗል። ዓይናቸው ተጨፍኗል። ሙባረክ ከታች ጀርባውን ሰጥቶ ሲሚንቶ ያቦካል። እኔ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። አሥራ ሰባት ስል ዓይናቸውን ገለጡና ድንጋዩን በቦታው አስቀመጡ፤ ምንም እንዳልሆነ «ሲሚንቶ!» ብለው ተጣሩ።

ጀሪካኑን የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ሐሳብ ሆነ፤ ይህ ሰው ከዚያ እንጨት ላይ በእግሩ መውረድ አለበት።

«ሐኪም ዘንድ ሂድ» ብለው እንደማይሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ዋሸሁ። «አያሌው፣ ጆሮዬን አመመኝ። ወልድያ የጆሮ ሐኪም አለ አሉ፤ ብቻዬን ብሄድ ያታልለኛል» አልኳቸው። ያታልለኛል የምትለዋን ቃል ሲሰሙ ኮታቸውን አነሱ።

ዶክተር ያሬድ ገና ወጣት ነው፤ ይህ አስቀድሞ አንድ ጥፋት ሆኖ ተቆጠረበት። የእኔን ጆሮ በመብራት አየና «እናቴ፣ ጆሮዎ ጤነኛ ነው» አለኝ። «ተመስገን፤ እንግዲያው ከመጣን አይቀር የእሱንም እይልኝ» አልኩት። አቶ አያሌው የተጠመደላቸውን ወጥመድ ያዩት ከገቡበት በኋላ ነው።

ሐኪሙ ሹካ የመሰለች ብረት እያስጮኸ በቀኝ በግራ አሰማቸው። መቼ መቼ እንደሚዞርባቸው፣ ጆሯቸው ይጮህ እንደሆነ ጠየቃቸው። እኔ ነኝ የመለስኩት። ከዚያ «ይቁሙ፤ እግርዎን ይግጠሙ፤ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አላቸው። ጨፈኑ። ወዲያው እንደ ቀርከሃ ወደ ግራ አዘነበሉ፤ ሐኪሙ በደረቱ ተቀበላቸው።

«ወለልህ ዘሟል» አሉት።

«አባቴ፣ ወለሉ...»

«ቆይ።» ውሃ ልካቸውን ከብብታቸው አውጥተው ተንበርክከው ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ሦስታችንም ጎንበስ ብለን አየን። አረፋዋ መሀል ላይ ቆማለች። አዙረው አስቀመጡ። መሀል ላይ ናት። አቶ አያሌው ለረጅም ጊዜ አልተነሱም።

ሐኪሙ አልሳቀም፤ ለዚህ ዕድሜ ይስጠው። ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠና ብልቃጧን በጣቱ እየነካ «አባቴ፣ እንዲህ ያለ ነገር በእያንዳንዳችን ጆሮ ውስጥ፣ በጥልቁ አለ። ውሃ አለው። ራሳችንን ስናዘነብል ውሃው ይናገራል። የእርስዎ በግራ ጆሮ ያለው ውሃ በዝቶ ተጨናንቋል። ስለዚህ ቤቱ ቆሞ ሳለ ዞረ ብሎ ይነግርዎታል» አላቸው።

«ይጠገናል?»

«ጨርሶ ላይድን ይችላል፤ ግን አብረውት ይኖራሉ። መድኃኒት አለ፤ ጨው ይቀንሱ። ሲመጣ ይቀመጡ ወይም ይተኙ። ማታ ማታ ያለ መብራት አይሂዱ። ከፍታ ላይ ግን ፈጽሞ አይውጡ።»

ይህንኑ በአማርኛ ጽፎ ሰጠን። ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ «ያንብቡልኝ» አሉኝ፤ መነጽራቸውን ስለማያምኑት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ቃል ዘልዬ ማንበብ አልችልበትም። ከፍታ የምትለዋን ጭምር አነበብኩት። ደግመው አስነበቡኝ። መርሳ ስንገባ «ይህ ልጅ ስንት ቤት ሠርቶ ነው ስለ ውሃ ልክ የሚያስተምረኝ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እትዬ ዘነበች፣ ይህ ነገር ከተሰማ ማንም ድንጋይ አያቀብለኝም። ይማሉልኝ» አሉኝ። ፊታቸውን አየሁ። በሚካኤል ማልኩላቸው። መማሌ ቆጨኝ፤ ግን ማልኩ።

እቤትም ሰላም አልሆነም። ትርሓስ ወጡን ጨው ብትቀንስበት «ማን መከረሽ?» ተባለች። ኪኒኑን ትቆጥራለች፤ እሷ እንደምትቆጥር ጠርጥረው እሳቸውም ይቆጥራሉ። በዚህ መካከል የእድሩ ግድግዳ በየቀኑ ከፍ ይላል፤ እሳቸውም ከፍ ይላሉ።

አፌ በመሐላ ታስሯል፤ እጄ ግን አልማለም። ወደ ግራና ከተማ ገበያ ወረድኩና ወፍራም የናይለን ገመድ ገዛሁ፤ መርሳ ብገዛው ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባ ነበር። የአቶ አያሌው ጓሮና የእኔ ጓሮ የሚገናኙበት አንድ ቀጭን መተላለፊያ አለ፤ ወደ ቧንቧውና ወደ መጸዳጃው የሚሄዱት በዚያ ነው። እሳቸው ሥራ ላይ በዋሉበት ቀን፣ ከኋላ በራቸው እስከ ቧንቧው፣ ችካል እየተከልኩ ገመዱን በወገብ ቁመት ወጠርኩት። ለእጅ መያዣ እንዲሆን ቋጠሮ ቋጠርኩበት። ትርሓስ ከመስኮት አየችኝ። አንድ መዶሻ አምጥታ አቀበለችኝ።

መቼም በእኛ አገር ችካልና ገመድ ለሁሉም ሰው አንድ ነገር ነው የሚናገረው። ለግንበኛ ደግሞ ይጮህበታል። በማግስቱ አቶ አያሌው በሩን ከፍተው ችካሉን ሲያዩ የታያቸው መሠረት ቁፋሮ ነው።

«እትዬ ዘነበች! ስንት ስንዝር ነው የወሰዱብኝ?»

ሙባረክ ሊወስዳቸው መጥቶ ቆሟል። ሁለት ሴቶች ቧንቧው ጋ ወረፋ ይዘዋል። እውነቱን ብናገር ሚስጥራቸውን በሰው ፊት መዘርገፌ ነው፤ መሐላዬም ይፈርሳል። «አጥር ላጥር አስቤ ነው» አልኩ።

«በአንቱ ዕድሜ? ለየትኛው ዘመን ነው አጥሩ?»

«ለሚቀጥለው።»

ሽማግሌ ይቀመጥ አሉ። የሰፈሩ ሰው ሳምንቱን ሙሉ ጥርሱን ነከሰብኝ፤ «ዘነበች መቃብሯ ሲቀርብ መሬት አማራት» ተባለ። ወልድያ ያለችው የልጅ ልጄ ኤደን ደውላ «እማማ፣ እውነት መሬት ሰረቅሽ?» አለችኝ። «ትንሽ» አልኳት። ገመዱን ፍቺው ያለኝ ግን የለም፤ ክርክር ያለበት ችካል አይነቀልም። ለዚህም አመሰገንኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሽማግሌዎቹ መተላለፊያው ላይ ቆሙ። አቶ አብርሃም ጉሮሯቸውን ጠርገው «በዛሬው ዕለት የመሬት ወሰን የሚያህል ከባድ ጉዳይ...» ብለው ጀመሩ። አቶ አያሌው «ንግግሩ ይቆየን፤ እስቲ ቱምቢው ይናገር!» ብለው ወደ ችካሌ ሄዱና ጎንበስ አሉ። ለኩ። ከዚያ አቶ አብርሃም በግራ በኩል አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ ለመስማት አንገታቸውን ዞር አድርገው በፍጥነት ቀና አሉ።

መጣባቸው። ከእጃቸው ቱምቢው ወደቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ፤ ዓይናቸው ወደ አንድ ጎን ይሮጥ ጀመር። አንድ እርምጃ ወደ ግራ፣ አንድ ወደ ኋላ።

«ይኸው!» አሉ አቶ አብርሃም። «በእሑድ ምድር!»

እኔ ከቦታዬ ተነሳሁ፤ ግን ሩቅ ነበርኩ። አቶ አያሌው በባዶ አየር ላይ እጃቸውን ዘረጉ። እጃቸው ገመዱ ላይ አረፈ። ገመዱ ረገበ፣ ተወጠረ፣ ያዛቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ቆሙ። ቀስ ብሎ እጃቸው በገመዱ ላይ ተንሸራተተና ቋጠሮ ነካ። ቆመ። አንድ እርምጃ ተራመዱ፤ ሁለተኛው ቋጠሮ መዳፋቸው ውስጥ ገባ። ሌላ እርምጃ፤ ሦስተኛው። ያን ጊዜ ግንበኛው በእጃቸው ማሰብ ጀመሩ። የመሠረት ገመድ በቁርጭምጭሚት ላይ ነው የሚወጠረው፤ በወገብ ላይ የሚወጥረው ማነው? ለመሠረት ገመድስ ቋጠሮ የሚቋጥር ማነው? ሳምንት ሙሉ ሲከሱት የነበረውን ገመድ አንድ ቀን እንኳ አልነኩትም ነበር።

ዓይናቸውን ሳይገልጡ «እትዬ ዘነበች» አሉ። «ይህን ቋጠሮ በማን እርምጃ ለኩት?»

ገመዱን አየሁ። ማልያለሁ።

«በእኔ ነው» አሉ ራሳቸው። «የእኔ እርምጃ እንዲህ አጥሯል?»

ትርሓስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች። አቶ አያሌው ዓይናቸውን ገለጡ፤ ገመዱን አልለቀቁም። ለሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ፦ «ወሰኔ አልተነካም። ክሴን አንስቻለሁ። ግን ገመዱ አራት ጣት ዝቅ ብሏል።»

አቶ አብርሃም ጠጋ ብለው አሸተቷቸው። «ምን ቀመሱ፣ አቶ አያሌው?»

«አልጫ። እሱም ጨው የለውም።» ከዚያ በቀኝ እጃቸው ግራ ጆሯቸውን ነኩ። «ጆሮዬ ነው። እዚህ ውስጥ ውሃ ልክ አለ፤ የእኔው ተበላሽቷል። ቤቱ አልሰመጠም። መሬትም አልተንቀጠቀጠም። ካላመናችሁ ወልድያ ያለውን ሐኪም ጠይቁ። እሱንም ካላመናችሁ አልፈርድባችሁም፤ እኔም አላመንኩትም ነበር።»

አቶ አብርሃም ማንጎ ዛፍ ሥር ያቀፉትን ቴሌቪዥን ያስታወሱ መሰለኝ፤ መሬት መሬት አዩ። ብርጭቆዋ የጮኸባት ሴትዮም ብርጭቆዋን ልታጥብ ሄደች።

«ሙባረክ» አሉ አቶ አያሌው።

«አቤት ጋሽ አያሌው።»

«ከነገ ጀምሮ መወጣጫው ላይ አንተ ትወጣለህ።»

«አንቱስ?»

«እኔ ታች ቁጭ ብዬ እጠረጥርሃለሁ።»

ሙባረክ የሚታወቅበትን ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያ ዞር ብሎ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ጥርጣሬው ከሳቸው አፍ ሲወጣ ዱላ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ያን ቀን ነው የተረዳሁት፤ እኚህ ሰው የማይጠረጥሩት የማይወዱትን ብቻ ነው።

የእድሩ ቤት አልቋል። አቶ አያሌው ከታች አግዳሚ ላይ፣ ጀርባቸውን ለግንድ ሰጥተው፣ ጣታቸውን እየቀሰሩ አስጨረሱት። ሙባረክ በቀን ሃያ ጊዜ ቱምቢ ጥሏል፤ ከሃያው አንዱን አምነውለታል። ሕመሙ አልለቀቃቸውም። ይመጣል፣ ያስተኛቸዋል፣ ይሄዳል። ሲመጣ «መጣ» ይላሉ፤ ቁጭ ይላሉ፤ በየአጥሩ እየዞሩ ሰው መጠየቅ ትተዋል። ኪኒናቸውን ይውጣሉ፤ ወጡን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይከሳሉ። ገመዱን በአራት ጣት ከፍ አድርጌዋለሁ። በየጠዋቱ ሦስት ጊዜ ጎትተው ይፈትኑትና «ማን ነው ያላላው?» ይላሉ። ማንም አላላውም። እኔ በየቀኑ አጠብቀዋለሁ።

ባለፈው ክረምት ዝናብ ያደረ ቀን፣ ከጓሮዬ ስወጣ ጭቃው አንሸራተተኝ። አልወደቅኩም፤ የአጥሩን እንጨት ይዤ ተረፍኩ። ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።

በማግስቱ በሬን ስከፍት አዲስ ችካል ተተክሏል። ገመዱ ከቧንቧው አልፎ፣ ጥጉን ዞሮ፣ እስከ ደጃፌ ደርሷል። ቀጥ ብሎ ተወጥሯል፤ አንድ ጣት እንኳ አልዘመመም። አቶ አያሌው ከማዶ በራቸው ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ይልጣሉ።

«አያሌው፣ ይህን ማን ነው የወጠረው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ሰፈሩ መሬት በሚሰርቅ ሰው ተሞልቷል።»

ወደ ቤት እስኪገቡ ጠበቅኩ። ከዚያ ገመዱን ያዝኩና ቋጠሮዎቹን በእግሬ ለካኋቸው፤ እኔም እንግዲህ መጠርጠር ለምጃለሁ። በእኔ እርምጃ ናቸው። አንዱም አልሳተም።